ስድስተኛው ቀዳዳ

ጋሽ ቱንቢን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው ካለቀ ቆይቷል። ቱንቢ ግንበኛ ግንቡ ቀጥ ማለት አለማለቱን የሚለይበት፣ በሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠል የብረት ፍሬ ነው። በጉብዝናቸው ወራት ይህ ፍሬ ከኪሳቸው አይለይም ነበር። በሰው ግንብ አጠገብ ሲያልፉ ቆም ይሉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያንጠለጥሉታል፤ ግንቡ ሁለት ጣት ያዘነበለ እንደሆነ በሩን አንኳኩተው ባለቤቱን ያረዱታል። በዚህ አመላቸው ስንት ሰው እንዳስቀየሙ ቤት ይቁጠረው። ነገር ግን "ቱንቢ የሠራው ግንብ ተጣመመ" ብሎ የሚያወራ ጠላት እንኳ አልተገኘም።

ከሠሩት ሁሉ የሚመኩበት ግን ከራሳቸው ጓሮ የቆመውን ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ፣ ሃያ ሁለት እርምጃ ርዝመት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው፤ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት አንዲት ጠጠር አልጣለም። ጉልበታቸው ከድቷቸው ሥራ ካቆሙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን አውጥተው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና፣ ሌላው ሰው ጋዜጣ እንደሚያነብ እሳቸው ግንባቸውን ያነባሉ።

ሰላማቸውን የነሳቸው የገዛ ልጃቸው ናት። አንዲት ልጅ ነው ያለቻቸው፤ ሙያዋም የሰው ግቢ ማስዋብ ነው። ካርዷ ላይ "የግቢ ዲዛይነር" ይላል፤ አባቷ ግን ግማሹን በኩራት ግማሹን በሹፈት "የአበባ መሐንዲስ" ይሏታል። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኖታል። አባቷ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ ጓዟን ጠቅልላ ተመልሳ የገባች ዕለት ጓሮውን አይታ ራሷን ነቅንቃ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንን መነቅነቅ በትልቅ ወረቀት ላይ ስላ አመጣችው።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ጓሮ አይደለም፣ ጉድጓድ ነው" አለች ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አራቱን ማዕዘን በብርጭቆ እየያዘች። "ከስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚባል አይደርሰውም። ሣሩን አየኸው? ሻግቷል። ግንቡን ዝቅ እናደርገዋለን። ከላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ካለበስነው ሰው ይቀመጥበታል። ከፊቱ ረጃጅም አበባ፣ ከአበባው ፊት አጫጭሩን እንተክላለን። ግንብ እኮ ለመዝጋት ብቻ አይደለም የሚሠራው።"

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም።"

"እኔ ጨርሻለሁ። መጀመሪያ እኔን ቅበሪ፤ ከዚያ ግንቡን ታፈርሻለሽ።"

ልጅቱ ዝም አለች፤ ዝም ስትል ቁርጥ እናቷን ናት። ጋሽ ቱንቢም ይህንን ዝምታ ነበር የሚፈሩት። ሰው ሁሉ በድንጋዩ የሚኮሩ ይመስለው ነበር፤ ይኮራሉም። ከኩራቱ በታች ግን ለማንም ያልነገሩት አንድ ነገር ሆዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ይፈጃቸው ነበር።

ግንቡ ከመቆሙ በፊት በእሳቸውና በጎረቤታቸው ግቢ መካከል የነበረው አጥር፣ አጥር ቢሉት የሚያፍር ዓይነት ነበር። ወገብ የማይደርስ ቁጥቋጦ ነው፤ እሱም ቦታ ቦታ ላይ ተመንምኖ ዶሮ እንደልቧ ትመላለስበታለች። ከማዶ የምትኖረው ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ "እትዬ መርፌ" ይላታል። እሷና የጋሽ ቱንቢ ሚስት ቀኑን ሙሉ በቁጥቋጦው ላይ ይቀባበሉ ነበር፤ መቀስ ይሄዳል፣ ስኳር ይመጣል፣ ሕፃኗ ትሄዳለች፣ ሕፃኗ ትመጣለች። የዛሬዋ መሐንዲስ ራሷ ዳዴ ማለት ሳትጀምር ያንን አጥር በእጅ በእጅ ስንቴ ተሻግራዋለች። ጋሽ ቱንቢ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ገና የቤታቸው ጣሪያ ሳይታያቸው የሁለቱ ሴቶች ሳቅ ይቀበላቸዋል። የእጃቸውን ስሚንቶ እየታጠቡ፣ የተቆጡ መስለው፣ "ዛሬም ችሎቱ አልተነሳም?" ይላሉ። ደስ ይላቸው ነበር። ያንን ሳቅ የመሰለ ነገር ከዚያ ወዲህ ጆሯቸው አልገባም።

ሌባው የገባው እሳቸው ሩቅ አገር ሥራ ይዘው በሄዱበት ሰሞን ነው። በእትዬ መርፌ ግቢ አልፎ፣ ቁጥቋጦውን እንደ ደረጃ ተራምዶ ገባ፤ ከገመድ ላይ የታጠበ ልብስና አንድ የመዳብ ሳፋ ይዞ ሄደ። የጠፋውስ ጠፋ፤ ሚስታቸው ግን ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ ደግፋ፣ ቆማ ነው ያነጋችው። በሦስተኛው ቀን ሲደርሱ "ደህና ነን" ብቻ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ጋሽ ቱንቢ በሕይወታቸው እንደዚያን ጊዜ አፍረው አያውቁም። የአገሩን ግቢ ሁሉ አጥሮ የራሱን ሚስት ሜዳ ላይ የጣለ ግንበኛ!

ድንጋይ አስመጡ። የሙያ ጓደኞቻቸው "ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ" እያሉ ተሳለቁባቸው፤ እሳቸው መልስ ሳይሰጡ በአምስት ሳምንት ግንቡን አቆሙት። እሷም ሕፃኗን አዝላ ውሃና አሸዋ አቀበለች። ካለቀ በኋላ ግን፣ ወር ይሆነው ይሆን፣ አንድ ጠዋት ፊት ለፊቱ ቆማ "ትንሽ ዝቅ ብታደርገውስ?" አለቻቸው። "ለከርሞ" አሉ። ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም። በሕይወት ሳለች ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጥረውት ነበር። ከሞተች ወዲህ ነው ነገሩ የዞረባቸው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ግድግዳ ውስጥ አፍኜ ይሆን? ግንቡ ይውረድ ማለት ደግሞ፣ አዎ አፍኜሻለሁ ብሎ በመቃብሯ ላይ መፈረም መሰላቸው።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። "ይሄ ግንብ ላይ አንድ ጉድለት፣ አንዲት ብቻ፣ ካገኘሽ አፍርሺው። ካላገኘሽ ወረቀትሽን ጠቅልይና ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

"የምርህን ነው?"

"ቱንቢ ቃሉን ሲያጥፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ልጅቱ የዋዛ አይደለችም። ቀይ ብርሃን የሚረጭ መሣሪያዋን አምጥታ በሦስት እግሩ አቆመች፤ ከዳር እስከ ዳር አስለካችው። መሰላል ላይ ወጥታ መጋጠሚያውን በጥፍሯ ፈተሸች። በትንሽ መዶሻ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየነካካች፣ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ጆሮዋን ለጠፈች። አባትየው ሻያቸውን እየጠጡ "ስንት ተዛነፈ?" ይላሉ። "ዜሮ" ትላለች። "እዚያስ ጋ?" "ዜሮ ነው አልኩህ፣ አባዬ!" ስድስት ሰዓት ሲሆን የቀራት በስተግራ ያለው ጥግ ብቻ ነበር። እሱን ሐረግ ውጦታል፤ እናቷ ግንቡ ባለቀ ሰሞን የተከለችው ሐረግ ነው፤ ግንዱ የሰው ክንድ አክሏል።

"ለዚህ ትልቁ መቀስ ያስፈልገኛል፤ ቢሮ ነው ያለው። እንዳትነካው፤ ስመለስ አብረን እናየዋለን" ብላ ወጣች።

እንዳትነካው ተብሎ እጁን የሚሰበስብ ሽማግሌ ካለ ጋሽ ቱንቢ አይደሉም። የበሩ ድምፅ እንደተሰማ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዘው ጥጉ ላይ ደረሱ። ልባቸው ሞልቷል፤ ሐረጉን ገላልጠው፣ ስትመለስ "ይኸውልሽ፣ ፈትሺ!" ሊሏት ነው። ቅርንጫፉን እየቆረጡ፣ የደረቀውን እየጎተቱ ገቡ። ከውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኙ። እሳቸው ያስቀመጡት አይደለም። ሊያርፉ ተቀመጡበት። ፊታቸውን ቀና ሲያደርጉ ልክ በአፋቸው ትይዩ አንድ ድንጋይ አዩ፤ መልኩ ከጎረቤቶቹ የተለየ ነው። ሌላው ሻካራ ሆኖ እሱ እጅ እንደበዛበት የበር እጀታ ለስልሷል። ዙሪያውን የያዘውም ስሚንቶ ሳይሆን የደረቀ ጭቃ ነው።

ያኔ ክው አሉ።

ረጅም ግንብ የሚሠራ ሰው የሚቆምበት እንጨት ያስፈልገዋል። እንጨቱ እንዳይወድቅ አግዳሚው በግንቡ ሆድ አልፎ በወዲያ ማዶ ይወጣል፤ ሥራው ሲያልቅ አግዳሚው ይነቀልና ቀዳዳው በድንጋይና በስሚንቶ ይደፈናል። በዚህ ግንብ ላይ የመጀመሪያው እርከን ስድስት ቀዳዳ ነበረው። ጥለውት የመጡት የሩቅ አገር ሥራ ባለቤት ሰው ልኮባቸው ነበር፤ "አንተ ሂድ፤ ቀዳዳዎቹን እኔ እደፍናቸዋለሁ፤ ስሚንቶ ማቡካት ካንተ ተምሬ የለ?" አለቻቸው ሚስታቸው። ሄዱ። ሲመለሱ ስድስቱም ተደፍነዋል፤ ጥጉ ላይ ሐረግ ተተክሏል። "ግንብህን አለበስኩልህ" አለቻቸው እየሳቀች። የሰውን ሁሉ ግንብ በቱንቢ የሚያሸማቅቁት ሰው፣ እነዚያን ስድስት ቀዳዳዎች በጣታቸው እንኳ ሳይነኩ ቀሩ። የሚስት ሥራ ይፈተሻል እንዴ?

ድንጋዩን ያዙት። ያለ ምንም ትግል፣ መሳቢያ እንደሚከፈት፣ ወጣ። ከኋላው የተጠቀለለ ጨርቅ ነበር፤ እሱንም ሳቡት። ከማዶ ብርሃን መጣ። የስፌት መኪና ድምፅም አብሮ መጣ፤ ወዲያው ግን ቀጥ አለ።

"መጣሽ?" አለ ከማዶ የሴት ድምፅ።

ጋሽ ቱንቢ ጨርቁን እንደያዙ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አሉ። ያው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ራሱን እንደታዘበ ሰው፣ "ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ውይ በሞትኩት! ጋሽ ቱንቢ?"

"ሃያ አራት ዓመት!" አሉ። ድምፃቸው እንደ ቁጣ ተነስቶ መሃል ላይ ተሰበረ። "ሃያ አራት ዓመት አታለላችሁኝ፣ እትዬ መርፌ?"

"አወራን እንጂ መች አታለልንዎት።"

"በር የለኝም? በበር አትመጪም ነበር?"

"በበር ልምጣ ካልኩ ሰፈሩን መዞር ነው። ደግሞስ ሌባው በማን ግቢ ነው የገባ? ግንቡ የቆመው በእኔ በኩል አይደለም እንዴ? እርስዎ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ያንን የሚያህል ድንጋይ አቁመው ሳይ፣ በምን ዓይኔ በበርዎ ልግባ? እሷ ናት ያመጣችው። እርስዎ ሥራ የሄዱ ዕለት ከግንቡ ውስጥ 'አንቺ! እዚህ ነኝ!' የሚል ድምፅ ስሰማ ልቤ ልትቆም!" ሳቀች። ያ ሳቅ ነበር፤ አርጅቷል፣ ግማሹ የለም፣ ግን ያው ሳቅ ነው።

ጋሽ ቱንቢ ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። የእትዬ መርፌ የስፌት ክፍል ግንቡን ተደግፎ ነው የተሠራው፤ በተከፈተው በር ባሻገር አንድ የጽጌረዳ ዛፍ ይታያል፤ ቀይ፣ በር የሚያህል።

"እሱ የእሷ ነው" አለች እትዬ መርፌ ዓይናቸው ወዴት እንደሄደ ገብቷት። "እናንተ ጋ ፀሐይ ቢያጣባት ቁራጩን በዚችው ቀዳዳ አቀበለችኝ። ሲያብብ እየቀጠፍኩ እመልስላት ነበር።"

ጠረጴዛቸው ላይ ከዓመት ዓመት አበባ ነበር። ከየት መጣ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

"ምን ነበር የምታወሩት?"

"መጀመሪያ ስለ እርስዎ። እሱ ሲያልቅብን ስለ ሌላ ሰው።"

ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ግን፣ ሁለት ዓመት ሆዳቸውን ሲፈጃቸው የኖረውን ነገር፣ ለልጃቸው ያልተናገሩትን፣ ለቄስም ያልተናገሩትን፣ ለድንጋይ ቀዳዳ ተናገሩት።

"ዝቅ አድርገው ብላኝ ነበር። አንድ ጊዜ። ለከርሞ አልኳት። ስንት ከርሞ አለፈ! ቂም ይዛብኝ ነው የሄደችው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ እችለዋለሁ።"

ወንበር ሲሳብ ተሰማ፤ የእትዬ መርፌ ድምፅ ቀረበ።

"አንድ ቀን 'ለምን ደግመሽ አትነግሪውም?' አልኳት። 'ተይው' አለችኝ። 'ይሄንን የሠራው ፈርቶ ነው፤ እኔን አጣለሁ ብሎ ነው። ድንጋዩን ሳየው የሱን ፍርሃት ነው የማየው፤ እንዴት አፍርሰው ልበለው? ደግሞ እኔ መስኮት አለኝ።' እንዲህ ነው ያለችኝ። ቂም ሲያምርዎት ይቅር!"

"ታዲያ እንቅልፏ? ከሩቅ ስመለስ 'ተኛሽ ወይ?' እላታለሁ፤ 'ድብን ብዬ' ትለኛለች። ግንቡ ነው ያስተኛት ብዬ . . ."

"ጋሽ ቱንቢ" አለች እትዬ መርፌ፤ ቀስ ብላ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት። "እርስዎ በሌሉበት ልትተኛ ስትል ትመጣና ድንጋዩን ታነሳለች። 'አለሽ?' ትለኛለች። 'አለሁ' እላታለሁ። ከዚያ ክፍቱን ትታው ትሄዳለች። አልጋዬን ወደዚህ ክፍል ያመጣሁት ለዚህ ነው። ስፌት በዝቶብኝ አልነበረም።"

ጋሽ ቱንቢ ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። በቀብሯ ዕለት ሰው ፊት ያላለቀሱትን ነው። ሦስት ሜትር ግንብ ሠርተው፣ ሚስታቸውን ያስተኛት ግን እሷ ሳትደፍን የተወችው የአንድ ክንድ ቀዳዳ ኖሯል። ይህንን ማወቅ አመማቸው፤ ደግሞም ሁለት ዓመት ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳላቸው። ብቻዋን አልነበረችም። እሳቸው ባይኖሩም፣ እሳቸው ባያውቁም፣ "አለሁ" የሚላት ሰው ነበራት።

የውጭው በር ተንኳኳ፤ ልጅቱ ናት።

"ይመልሱት" አለች እትዬ መርፌ በሹክሹክታ። "ጭቃ ለቅለቅ ያድርጉበት። እኔ እንደሆንኩ አልናገርም፤ ዝም ማለት ለምጃለሁ።"

እውነቷን ነው፤ ድንጋዩን ቢመልሱት ማንም አያውቅም። ውርርዱን ያሸንፋሉ፣ ግንቡም እንደቆመ ይኖራል። ጋሽ ቱንቢ ድንጋዩን በእጃቸው መዘኑት። ከዚያ ሣሩ ላይ አስቀመጡትና በሩን ሊከፍቱ ተነሱ።

"ነካኸው አይደል!" አለች ልጅቱ የተቆራረጠውን ሐረግ አይታ። "አንተ ሰውዬ! እሺ፣ ምን አገኘህ? ጉድለት አለው?"

"የለውም።"

ትከሻዋ ወረደ። "እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ወረቀቴን እጠቀልላለሁ።"

"ማን ጠቅልይ አለሽ? ጠመኔሽን አምጪ።"

ግራ ገብቷት ሰጠቻቸው። ጋሽ ቱንቢ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን አቃኑ፣ በእጃቸው ከአገጫቸው ወደ ግንቡ ለኩ፤ ልክ ከቀዳዳው ሥር አንድ ነጭ መስመር አሰመሩ።

"ከዚህ በላይ ያለው ይውረድ" አሉ።

"እዚህ ጋ? ግን ለምን እዚህ ጋ?" ልጅቱ ያኔ ነው ቀዳዳውን ያየችው። አንዴ ቀዳዳውን፣ አንዴ ሣሩ ላይ ያለውን ድንጋይ፣ አንዴ የአባቷን ያበጠ ዓይን አየች። "አባዬ . . . ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁጭ ብላ የምታወራ ሴት ቁመት ነው። እናትሽ ለክታው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።"

ልጅቱ ተንበርክካ እጇን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደች። ከማዶ መርፌ የወጋጋው አሮጌ እጅ መጥቶ ጣቶቿን ያዘ፤ ሕፃን ሳለች በቁጥቋጦ ላይ ይቀበላት የነበረው እጅ ነው። ጋሽ ቱንቢ ፊታቸውን ወደ ሐረጉ አዙረው ቆዩ።

"መስመሩ የት ደረሰ?" አለች በመጨረሻ እትዬ መርፌ አፍንጫዋን እየሳበች። "አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉት። እኔ እንደ እሷ ረጅም አይደለሁም፤ ቁጭ ስል አልታያችሁም።"

በሕይወቱ ሙሉ አንዴ ያሰመረውን መስመር ለማንም ብሎ ያላነሳው ግንበኛ፣ ያንን መስመር በመዳፉ አበሰውና አንድ ስንዝር ወደ ታች ወርዶ እንደገና አሰመረ።

"ይሄስ፣ ይበቃሻል?" ብለው ጠየቁ።